የእርሳሱ ወታደር የት ይቁም?

እ.ኤ.አ. በ1834 በብሪታንያና በአየርላንድ ለሚገኙ ብዙ መኮንኖች፣ በሥራ ላይ ላሉትም በጡረታ ላይ ላሉትም፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደረሳቸው። ላኪው ደብሊን ከተማ ተቀምጦ በጦሩ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ዊልያም ሳይቦርን የተባለ መቶ አለቃ ነው። ከደብዳቤው ጋር የአንድ አካባቢ ንድፍ ካርታ ተያይዟል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው። ጁን 18 ቀን 1815 ዋተርሉ ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ሬጅመንትዎ የት ቆሞ ነበር? በምን አሰላለፍ? ከፊት ለፊትዎ የነበረውስ ጠላት? ማሳው ላይ የበቀለው እህል ምን ነበር?

ናፖሊዮን የተሸነፈበት ያ ውጊያ ካለፈ 19 ዓመት ሆኖታል። ሳይቦርን በዚያን ጊዜ ሞዴል እየሠራ ነበር፤ መሬቱ፣ ቤቱ፣ ሰዉና ፈረሱ አንሰው በአንድ ሰፊ ገበታ ላይ የሚታዩበት፣ ዛሬ ዲዮራማ የምንለው ዓይነት። ታሪክ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ «ወደ ሸንተረሩ አካባቢ» ወይም «በዚያው ሰዓት ገደማ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ሞዴል ሠሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። የእርሳሱን ወታደር በሁለት ጣቱ ይዞ ጄሶው ላይ ሊተክለው ሲል ከመንገዱ ወዲህ ወይም ወዲያ፣ ከአጥሩ ፊት ወይም ኋላ ብሎ መወሰን አለበት። አንዴ ከተከለው ደግሞ በቦታው የነበረ ሰው ሁሉ መጥቶ «ስተሃል» ሊለው ይችላል። ሳይቦርንን ያንን ሁሉ ደብዳቤ ያጻፈው ይኸው ነው፤ በኋላም ብዙ መከራ ያመጣበት ይኸው ነው።

የጦር ቦታን አሳንሶ መሥራት በእሱ አልተጀመረም። በ1668 የፈረንሳይ የጦር ጉዳይ ኃላፊ ሉቯ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዱንኬርክን ምሽግ በሞዴል ማሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ ቤተ መንግሥቱ የጠረፍ ከተሞቹን በ1፡600 ስኬል ከእንጨት፣ ከወረቀትና ከሐር ያሠራ ነበር። ሞዴሎቹ በምስጢር ይጠበቁ ነበር፤ ያየ ሰው ከተማዋን ከየት በኩል እንደሚከብ ያውቃልና። ናፖሊዮን በ1815 ተሸንፎ የፕሩስያ ጦር ፓሪስ ሲገባ ከእነዚህ ሞዴሎች በርከት ያሉትን እንደ ምርኮ ጭኖ ወደ በርሊን ወሰዳቸው። እነዚያ ግን ሰው የሌለባቸው ከተሞች ናቸው፤ ለሚመጣ ጦርነት የተሠሩ። ሳይቦርን የተነሣው ያለፈውን ቀን ከነሰዉ ለማቆም ነው።

እሱ ራሱ ዋተርሉ ላይ አልነበረም። በ1797 ተወልዶ፣ በሳንድኸርስት ወታደራዊ ኮሌጅ ተምሮ፣ በ9ኛው እግረኛ ሬጅመንት ተመደበ። ወደ ፈረንሳይ የተላከው ውጊያው ካበቃ በኋላ አገሪቱን ከያዘው ጦር ጋር እንዲሆን ነው። ተሰጥኦው ቅየሳ ነበር። ስለ መሬት ቅየሳና ስለ ካርታ አነሣሥ በ1822 እና በ1827 ሁለት መጻሕፍት አሳትሟል። እነዚህ መጻሕፍት ሳያሳውቁት አልቀሩም፤ በ1830 የብሪታንያ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሎርድ ሂል፣ ዋተርሉ ላይ ራሱ አንድ ኮር የመራ ጄኔራል፣ ለንደን ውስጥ በመቋቋም ላይ ለነበረው የጦር ሙዚየም የዋተርሉን ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው።

ሳይቦርን ወደ ቤልጅየም ሄዶ ላ ኤ ሴንት በተባለው የእርሻ ግቢ ስምንት ወር ተቀመጠ። ግቢው የብሪታንያንና የአጋሮቿን ጦር የመራው የዌሊንግተን መስፍን ካሰለፈው ሰልፍ መካከል ፊት ለፊት የቆመ ነው። በውጊያው ቀን ሻለቃ ባሪንግ የሚያዛቸው ጀርመናውያን ጥይታቸው እስኪያልቅ ድረስ የተከላከሉት ቦታ ነው። ሳይቦርን ከዚያ እየተነሣ እያንዳንዱን ዳገት፣ እያንዳንዱን አጥርና የእግር መንገድ ለካ።

ግን ሜዳው ራሱ ተለውጦ ነበር። የኔዘርላንድ ንጉሥ ልጁ የኦራንዥ ልዑል በቆሰለበት ቦታ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአፈር ጉብታ አስቆልሎ፣ ጫፉ ላይ የብረት አንበሳ አስቁሞ ነበር። ሥራው ያለቀው በ1826 ነው። ለጉብታው የሚሆነው አፈር የተዛቀው ደግሞ የዌሊንግተን ጦር ከቆመበት ከዚያው ሸንተረር ነው። የውጊያው ወሳኝ ቅጽበት ያለፈበት መሬት ለመታሰቢያ ተብሎ ተነሣ ማለት ነው። ሳይቦርን አራት ዓመት ዘግይቶ ደርሶ፣ የሌለውን ሸንተረር ካለው መሬትና ከሰዎች ትዝታ መልሶ መገንባት ነበረበት። ዛሬ ዋተርሉን የሚጎበኝ ሰው ደረጃውን ወጥቶ ከአንበሳው ሥር ቆሞ የሚያየው ሜዳ፣ ወታደሮቹ ያዩት ሜዳ እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ አያስተውልም።

ሞዴሉ በአንድ ማይል ዘጠኝ ጫማ በሚል ስኬል ተወሰነ፤ 1፡587 ያህል ነው። በዚህ ልክ ሙሉ ሰው ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ያን የሚያክል ወታደር መቅረጽም ሆነ መቀባት አይቻልም፤ ቢቻልም ተመልካች አያየውም። ስለዚህ ምስሎቹ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት አደጉ፤ ለመሬቱ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ምስል ሲያድግ የሚይዘው ቦታም ይሰፋል። እያንዳንዱን ወታደር በአንድ ምስል መተካት ስላልተቻለ በግምት አንድ ምስል ለሁለት ሰው ሆነ። እንዲያም ሆኖ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን የቲንና የእርሳስ ወታደሮች አስፈለጉ፤ እግረኛው፣ ፈረሰኛው፣ መድፈኛው፣ እያንዳንዱ ከነመለዮው ቀለም። የመሬቱ ስፋት ከ30 ካሬ ሜትር አያንስም፤ ለማጓጓዝ እንዲመች በክፍልፋይ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። የሞዴል ሙያ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ስኬል እንዲህ በሁለት ሲከፈል የሚታየው ርቀት ይዋሻል፤ በሞዴሉ ላይ ጎን ለጎን የሚመስሉ ሁለት ሻለቃ ጦሮች በሜዳው ላይ ላይተያዩ ይችላሉ። ሳይቦርን ይህን እያወቀ የተቀበለው ተመልካቹ ሰዉን እንዲያይለት ሲል ነው።

የደብዳቤዎቹ መልስ ይጎርፍ ጀመር። በአጠቃላይ ወደ 700 ደረሰ። ካርታው ላይ መስመር ያሰመሩ አሉ፤ ገጽ ሙሉ የጻፉ አሉ፤ አላስታውስም ያሉም አሉ። አንዱ እህሉ የሰው ቁመት ደርሶ ነበር ሲል፣ ሌላው በዚያ ሰዓት ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የኪስ ሰዓቶች በአንድ ዓይነት አይሠሩም፤ የባሩዱ ጢስ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር፤ አንድ መኮንን የሚያየው የራሱን ሰልፍና ከፊቱ ያለውን ጥቂት ስንዝር መሬት ነው። በጎረቤቱ የቆመውን ሬጅመንት እንኳ በስሙ የማያውቅ ብዙ ነበር።

በተለይ አንድ ነገር አጨቃጨቀ። በዚያ ምሽት ናፖሊዮን እስከ መጨረሻ ያቆየውን የክብር ዘበኛ ጦሩን ወደ ሸንተረሩ ሲልክ፣ ያንን ጦር ያፈረሰው ማን ነው? የብሪታንያ 1ኛ የእግረኛ ክብር ዘበኛ «እኛ ነን» ይላል፤ ለዚህም ክብር በዚያው ዓመት «ግሬናዲየር» የሚለውን ስም ተቀብሏል። በጎን ዞሮ የመታው 52ኛ ሬጅመንትም «እኛ ነን» ይላል። የ52ኛው መኮንን የነበረው ጋውለር በ1833 ይህንኑ በጦር መጽሔት አሳተመ። መልስ የሰጠው ደግሞ ጄኔራል ሰር ሁሴ ቪቪያን ነው፤ ዋተርሉ ላይ አንድ የፈረሰኛ ብርጌድ የመራ፣ በዚያ ወቅትም የአየርላንድ ጦር አዛዥ፣ ማለትም የሳይቦርን የቅርብ አለቃ። ሞዴል ሠሪው ወታደሮቹን የሚተክለው በእነዚህ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነው።

የዐድዋን ሥዕል ያየ አንባቢ የሳይቦርንን ጭንቀት በንጽጽር ሊረዳው ይችላል። በዐድዋ ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በደመናው መካከል፣ ምኒልክና ጣይቱ በየቦታቸው፣ ጣልያኖቹ በጎን ገጽታ ተሰልፈው፣ ከማለዳው ተኩስ እስከ ድሉ ያለው ሁሉ በአንድ ሸራ ላይ ይገኛል። ሠዓሊው ቀኑን ሙሉ ይዞታል፤ ማን ከማን ስንት ክንድ ይርቅ ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሳይቦርን ከቀኑ የመረጠው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከዚያ በፊት የሆነውንም ከዚያ በኋላ የሆነውንም ትቷል። የዌሊንግተን ወታደራዊ ጸሐፊ የነበረው ሎርድ ፊትዝሮይ ሶመርሴት የውጊያው መጀመሪያ፣ ሁለቱ ጦሮች ተሰልፈው የቆሙበት ሰዓት፣ ቢሠራ ይሻላል ብሎ መክሮት ነበር። ምክሩ ብልህነት ነበረው፤ በማለዳው አሰላለፍ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ሳይቦርን አልተቀበለውም። ተመልካች ሊያይ የሚፈልገው የሚዛኑን መገልበጥ ነው ብሎ አመነ፤ ለሙያው ታማኝ ከነበረ ሌላ ምርጫ የነበረው አይመስልም።

መንግሥት ተለወጠና በ1833 ገንዘቡ ቆመ። አዲሱ መንግሥት ለሞዴል የሚሆን በጀት የለኝም አለ። ሳይቦርን ሥራውን ከሚተው በብድርና በመኮንኖች መዋጮ መቀጠልን መረጠ። ጠቅላላ ወጪው ወደ 3,000 ፓውንድ ደረሰ፤ ለአንድ መቶ አለቃ በደመወዙ የማይታሰብ ዕዳ ነው። መዋጮውም ሌላ ጣጣ አመጣ። ገንዘብ ያዋጣው ሬጅመንት በሞዴሉ ላይ የተሻለ ቦታ ያገኛል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ይህ ጥርጣሬ እስከ ዛሬ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ይነሣል።

ከሁሉም የከበደው የዌሊንግተን አጋሮች የነበሩት የፕሩስያውያን ጉዳይ ነው። ሳይቦርን ለእንግሊዞቹ ብቻ አልጻፈም፤ ከፕሩስያ የጦር ጠቅላይ መምሪያም ጋር ተጻጽፏል። ባገኘው ማስረጃ መሠረት በዚያ ሰዓት ብዛት ያለው የፕሩስያ ጦር ከናፖሊዮን ቀኝ ክንፍ፣ በፕላንስኗ መንደርና በአካባቢው፣ ውጊያ ላይ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሺህ የፕሩስያ ምስሎች እዚያ ተከለ። በውጊያው ማግስት በጻፈው ሪፖርት የፕሩስያውያንን እርዳታ ዌሊንግተን ራሱ መስክሯል። በቀኑ መጨረሻም ወደ 50,000 የሚጠጉ ፕሩስያውያን ደርሰው ነበር፤ 7,000 ያህሉ በዚያ ቀን ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። ሆኖም በወረቀት ላይ የተጻፈ ምስጋናና በገበታ ላይ የቆመ የምስል ብዛት አንድ ኃይል የላቸውም። ሞዴሉን ያየ ሁሉ ክብር ዘበኛው ወደ ሸንተረሩ ሲወጣ የናፖሊዮን ጦር ግማሽ መከበቡን ያያል። ከመስፍኑ ወገን የመጣው ተቃውሞ ፕሩስያውያን በዚያ ሰዓት ያን ያህል ወደፊት አልገፉም፣ ሞዴሉ ድሉ ለማን እንደሚገባ የተሳሳተ ስሜት ይሰጣል የሚል ነበር።

በመጨረሻ ሳይቦርን ከፕሩስያ ምስሎች አብዛኛውን አነሣ። ለምን? በኋላ ባሳተመው ታሪክ ላይ አዲስ መረጃ ስላገኘ መሆኑን ገልጿል። ፒተር ሆፍሽሮየር በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የዌሊንግተን ጫና ውጤት አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በዚህ አይስማሙም። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን በር ይከፍታል። ግን አንድ ነገር ከክርክር ውጪ ነው። ዕዳ ውስጥ የነበረ፣ ሞዴሉን መንግሥት እንዲገዛለት የሚጠብቅ አንድ ዝቅተኛ መኮንን፣ በአገሪቱ ከማንም በላይ የተከበረውን ሰው ተቃውሞ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ሊያልፍ አይችልም ነበር።

ኦክቶበር 1838 ሞዴሉ ለንደን፣ ፒካዲሊ መንገድ ላይ ይገኝ በነበረው የግብፅ አዳራሽ ለሕዝብ ተከፈተ። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው። ወደ 100,000 ሰው አየው፤ በስሌት 5,000 ፓውንድ ይሆናል። መስፍኑ ሊያየው አልመጣም፤ መምጣቱ ለሞዴሉ እውነተኛነት ማረጋገጫ እንደ መስጠት ይቆጠርብኛል ብሎ ነበር። የሳይቦርን ዕዳ በዚህ ሁሉ ገቢ አልተዘጋም። መንግሥትም አልገዛውም።

ሰውየው ግን አላቆመም። በ1844 በደብዳቤዎቹ ላይ ተመሥርቶ ስለ 1815ቱ ዘመቻ ሁለት ቅጽ ታሪክ አሳተመ፤ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሞዴል አቀረበ። ይህኛው ጠባብ ነው፤ ቀትር ካለፈ በኋላ የብሪታንያ ከባድ ፈረሰኞች የፈረንሳይን እግረኛ የመቱበትን አንድ የሜዳ ክፍል ብቻ ይዟል። ስኬሉ ከመጀመሪያው የጎላ ሆነ፤ ምስሎቹም ትልልቅና ጥንቅቅ ያሉ ናቸው። ከመጀመሪያው የተማረው በግልጽ ይታያል። መሬቱን ቀንሶ ሰዉን ማጉላት ይሻላል፤ ሁሉን ልያዝ የሚል ሞዴል ሁሉንም ያጣብባል። ሁለተኛው ሞዴል ዛሬ ሊድስ ከተማ በሮያል አርመሪስ ሙዚየም ይታያል።

ሳይቦርን በ1849፣ ለንደን ቼልሲ ባለው የወታደር ልጆች ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እያገለገለ ሞተ። ትልቁን ሞዴል ሳይሸጥ ነው የሞተው። በኋላ መዋጮ ተሰብስቦ የዩናይትድ ሰርቪስ ተቋም ገዛው፤ ሲጀመር የታሰበለት ሙዚየም ውስጥ የገባው ሠሪው ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ያ ሙዚየም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲዘጋ ወደ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተዛወረ፤ አሁን ያለው ቼልሲ ነው።

ደብዳቤዎቹን ልጁ ኸርበርት ጠበቃቸው። በ1891 የተወሰኑትን መርጦ በመጽሐፍ አወጣቸው፤ ዋናዎቹ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአንድ ውጊያ ላይ እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር ክምችት ከዚያ በፊት አልነበረም። ሞዴሉ በአቧራና በክርክር ቢሸፈን እንኳ እነዚህ ወረቀቶች ብቻ ድካሙን ይክሱት ነበር። ጉድለታቸውም መነገር አለበት። ሳይቦርን የጠየቀው መኮንኖችን ነው። ጭቃው ውስጥ አራት ማዕዘን ሠርቶ የቆመው ተራ ወታደር አልተጠየቀም። ከፈረንሳይ በኩል የተገኘውም እጅግ ጥቂት ነው። ሞዴሉ ላይ 70,000 ሰው ቆሟል፤ ቃሉን የሰጠው መኮንኑ ነው።

ከሳይቦርን በኋላ ይህን ዓይነት ሥራ እንደገና በቁም ነገር የያዙት ከዓለም ሌላ ጫፍ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ ፖዚዬር በተባለው የፈረንሳይ መንደር ሰባት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ወደ 23,000 አውስትራሊያውያን ሲሞቱና ሲቆስሉ፣ ጋዜጠኛው ቻርልስ ቢን እዚያው ነበር። አገሩ ይህን ቦታ እንድታየው የሚያደርግ ሙዚየም የማሠራት ሐሳብ የያዘው በዚያ ወቅት ነው። ፎቶግራፍ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቷል፤ የጦር ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ባዶ የታረሰ መሬትና ጢስ ነው። የፈለገው «ሥዕላዊ ሞዴል» ነበር፤ ከፊት የተቀረጹ ሰዎች፣ ከኋላ የተቀባ አድማስ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ለዓይን የማይታይ።

እዚህ ላይ ሥራው ከአንድ ሰው እጅ ወጣ። ቀራጺዎቹ ዋላስ አንደርሰንና ዌብ ጊልበርት፣ ሠዓሊው ደግሞ የታዋቂው ሠዓሊ የፍሬድሪክ ማኩቢን ልጅ ሉዊ ማኩቢን ነበሩ። ሦስቱም ከጦርነቱ ማብቂያ ጋር ምሽጉ ሳይደፈንና ሽቦው ሳይነሣ ወደ ፈረንሳይና ቤልጅየም ሜዳዎች ሄደው መሬቱን አጠኑ፤ ንድፍ አነሡ። በሳይቦርንና በእነሱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። እሱ 15 ዓመት ዘግይቶ፣ የተዛቀ ሸንተረር ላይ ደረሰ፤ እነሱ ቁስሉ ሳይሽር ደረሱ።

ቢን ራሱ በ1919 መጀመሪያ ከሠዓሊው ጆርጅ ላምበርትና ከፎቶግራፍ አንሺው ኸበርት ዊልኪንስ ጋር ወደ ጋሊፖሊ ተመለሰ። አብሯቸው የተዘዋወረ አንድ ሰው አለ፤ ሻለቃ ዘኪ ቤይ። በ1915 እዚያው ጋሊፖሊ፣ በሎን ፓይን ውጊያ ከቱርክ ወገን የተዋጋ መኮንን ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሊገድላቸው ይተኩስ ከነበረባቸው ሰዎች ጋር በአንድ ምሽግ ጠርዝ ቆሞ፣ የእሱ ወታደሮች ከየት እንደ መጡ፣ ምን እንዳዩና ምን እንዳሰቡ ነገራቸው። ሳይቦርን ከፈረንሳዮቹ ያጣው ምስክርነት ይህ ነበር። ቢን የጻፈው ታሪክ የጠላትን ወገን ያን ያህል ቀርቦ መግለጽ የቻለው በአብዛኛው በዚህ ሰው ነው።

አንደርሰንና ማኩቢን የሠሩት የሎን ፓይን ዲዮራማ በ1920ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ በ1927 አለቀ። አውስትራሊያውያኑ ሮጠው ሲደርሱ የቱርኮቹን ምሽግ በግንድ ተሸፍኖ ያገኙበትን፣ ግማሹ ከላይ ግንዱን ሲያነሣ ግማሹ በጎን ሲገባ ያለውን ቅጽበት ይዟል። ምስሎቹ ከሳይቦርን አንድ ሴንቲ ሜትር ጋር አይወዳደሩም፤ ፊታቸው ላይ ድካምና ፍርሃት የሚነበብ ቅርጻ ቅርጾች ናቸው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ሆን ተብሎ እያነሱ ይሄዳሉ፤ የተቀባው ሰማይ ጋ ሲደርሱ ከሥዕሉ ሰዎች ጋር ይመጣጠናሉ። አንድ ስኬል ከፊት እስከ ኋላ የመጠበቅ ግዴታን ጥለው ለዓይን እውነት ሠሩ። ሳይቦርን ሳይወድ በግድ የከፈለውን ስኬል እነሱ አስበውና ወደውት ከፈሉት፤ ተሳካላቸውም።

ጊልበርት ሁሉም ሥራ ተጠናቆ ሳያይ በ1925 ሞተ። ዲዮራማዎቹ በሜልቦርን፣ ከዚያም በሲድኒ ጊዜያዊ አዳራሾች ሲታዩ ቆይተው፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1941 በተከፈተው የካንቤራ የጦርነት መታሰቢያ ቋሚ ቦታ አገኙ። ያን ጊዜ አገሩ ሌላ ጦርነት ውስጥ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መቶ ዓመት መታሰቢያ በፊት አዳራሾቹ እንደገና ሲደራጁ፣ አርጅተዋል ተብለው ሊጣሉ ሲችሉ፣ ተጠግነው ተመልሰው ቆሙ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ስክሪን ያሳየውን ሲለውጥ ተመልካች አብሮ ይሄዳል፤ እነዚህ ምስሎች ፊት የቆመ ሰው ግን በራሱ ጊዜ፣ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ከፊት ወደ ፊት ያያል።

አብሮ የመሥራቱ ነገር በዘመናችን ደግሞ ከሠለጠኑ ቀራጺዎች አልፎ ወደ አማተሮች ደርሷል። ጁን 2019 ግላስጎ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው አዘጋጅነት፣ ዋተርሉ ከ20,000 በላይ በሆኑ 28 ሚሊ ሜትር ወታደሮች በጠረጴዛ ላይ እንደገና ተካሂዷል። ወታደሮቹን የቀቡት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ገቢው የሄደው የጦር ጉዳተኞች ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር በዋተርሉ ሜዳ ለሚቆፍሩበት በጎ አድራጎት ነው። ቁፋሮው የሚያወጣው ጥይት፣ ቁልፍና አጥንት ያልተጠየቀው ተራ ወታደር የት እንደ ነበር የሚናገር ማስረጃ ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዚላንድ የተሠራው ግን ለሙዚየም ነው፤ መስፍኑ ስሙን በሰጣት ዋና ከተማ፣ በዌሊንግተን። የፊልም ሠሪው ፒተር ጃክሰን ለመቶ ዓመቱ መታሰቢያ ባዘጋጀው ትርኢት ውስጥ፣ በጋሊፖሊ የተካሄደው የቹኑክ ባይር ውጊያ በ54 ሚሊ ሜትር ምስሎች ተሠራ። ወደ 5,000 ይጠጋሉ። የቀረጿቸው እንግሊዛውያኑ መንትያ ወንድማማቾች አለንና ማይክል ፔሪ ናቸው፤ የቀቧቸው በአገሩ ዙሪያ ያሉ የጦር ጨዋታ ወዳጆች፣ በየቤታቸው፣ ከሥራ በኋላ። እንዲህ ያለ ቀቢ የሚያነሣው ጥያቄ ከሳይቦርን ደብዳቤ ብዙ አይርቅም። ካፖርት ለብሰው ነበር ወይስ በሸሚዝ? በዚያ የኦገስት ጥቃት ወታደሮቹ በጨለማ እርስ በርስ እንዳይገዳደሉ ጀርባቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ሰፍተው፣ ክንዳቸው ላይ ነጭ አስረው ነበር። ያን ትንሽ ነጭ ነጥብ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አይቀባውም።

ኦገስት 8 ቀን 1915 ማለዳ ተራራው ጫፍ የወጣው የኒውዚላንዱ የዌሊንግተን ሻለቃ ጦር 760 ሰው ነበር፤ ሲመሽ ሳይቆስል የቀረው 70 ያህል ነው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ዊልያም ማሎን በዚያው ምሽት በወገን ሳይሆን እንዳልቀረ በሚታመን መድፍ ተገደለ። ከሞቱ በኋላ ምሽጉን ከጫፉ ወደ ኋላ ባለው ተዳፋት ላይ በማድረጉ ተወቀሰ፤ ቦታው የተነጠቀው በዚያ ምክንያት ነው ተባለ። ወቀሳው ለአሥርተ ዓመታት በስሙ ላይ ቆየ። የታሪክ ተመራማሪው ክሪስቶፈር ፐግስሊ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ወደ ቦታው መለሰ፤ በ2005 በኒውዚላንድ ፓርላማ አዳራሽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለለት። ዲዮራማውን የሠሩ ሰዎች የማሎንን ወታደሮች ይዘው ወደ ተራራው ሲቀርቡ የጠበቃቸው ይህ ክርክር ነው፤ ከጫፉ ስንት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ይቁሙ የሚለው። ትርኢቱ ኤፕሪል 18 ቀን 2015 ተከፍቶ በ2018 ማብቂያ ተዘጋ።